ዳቦ ሲወደድ ምክንያቱ የስንዴ ዋጋ ብቻ ነው?

ደሴ፦ ዱቄት ለዳቦ ቤት፣ ጥጥ ለኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ቀጥተኛ ጥሬ ዕቃ ነው። በታቀደውና በተጨባጭ በወጣው የጥሬ ዕቃ ወጪ መካከል የሚታየው ልዩነት በሁለት ይከፈላል፤ የዋጋ ልዩነትና የአጠቃቀም ልዩነት።

በሆጤ የሚገኝ አንድ ዳቦ ቤት 100 ኪሎ ግራም ዱቄት በ80 ብር ሒሳብ አቅዶ፣ ለዚያው የዳቦ መጠን በ85 ብር የተገዛ 110 ኪሎ ግራም ፈጀ እንበል። ወጪው ከ8 ሺህ ብር ወደ 9 ሺህ 350 ብር ያድጋል። ከ1 ሺህ 350 ብሩ ጭማሪ 550 ብሩ (110 በ5 ተባዝቶ) ከዋጋ፣ 800 ብሩ (10 በ80 ተባዝቶ) ከአጠቃቀም የመነጨ ነው።

በዚህ ስሌት ስንዴ አምራቹን አርሶ አደር ብቻ መውቀስ አይገባም፤ አብዛኛው ጭማሪ የተፈጠረው በዳቦ ቤቱ ውስጥ ነውና። ይሁን እንጂ ጥራቱ የወረደ ርካሽ ዱቄት ዋጋን ቀንሶ ብክነትን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ሁለቱን ልዩነቶች ጎን ለጎን መመርመር ያስፈልጋል።