ልጁ ነው ወይስ መለኪያው? የልዩ ፍላጎት ምዘና በጀርመን

ከፍራንክፈርት መሀል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ኖርድቬስትሽታት ከመጀመሪያው በዕቅድ የተሠራች ሰፈር ናት። በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአርክቴክቶቹ በቫልተር ሽቫገንሻይትና በታሲሎ ዚትማን ንድፍ ስትገነባ፣ እግረኛው ከመኪና ርቆ እንዲሄድ መንገዶቿ በድልድይ ተለያይተዋል። በ1968 ሥራ የጀመረው የከተማይቱ የመጀመሪያ የምድር ባቡር መስመርም መሀል ከተማውን ያገናኘው ከዚህችው ሰፈር ጋር ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከብዙ አገር የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። በሰፈሯ የሚገኘው ኤርንስት ሮይተር ሁለተኛ ትምህርት ቤትም አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ልጆች በአንድ ክፍል በማስተማር ይታወቃል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በአጠገብ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ከትምህርት ቤቱ «ልዩ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ ይመርመር» የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የሚደረገው ምዘና የልጁን የትምህርት መንገድ ለብዙ ዓመታት ሊወስን ስለሚችል፣ ምዘናው ምን እንደሚለካ ማወቅ ለወላጅ ትልቅ ጉዳይ ነው።

በምህንድስና ትምህርት ቤት ቀድሞ ከሚነገሩ ነገሮች አንዱ፣ መለኪያው ራሱ ሳይፈተሽ የሚነበብ ቁጥር እንደማይታመን ነው። የአእምሮ ችሎታ ፈተናም መለኪያ ነው። አይ ኪው በመባል የሚታወቀው ቁጥር እንደ ቁመት ወይም እንደ ክብደት በቀጥታ የሚለካ አይደለም፤ ልጁ በዕድሜ እኩዮቹ መካከል የያዘውን ቦታ ብቻ ያሳያል። የእኩዮቹ አማካይ 100 ይባላል፤ መደበኛ ልይይቱ 15 ነው። ስለዚህ ከ70 በታች የሚያመጡት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ልጁ ከእነዚያ እኩዮች ጋር አንድ ቋንቋ ሲናገርና ተመሳሳይ ዕድል ሲኖረው ነው። ጥያቄው በጀርመንኛ ቀርቦ ልጁ ጀርመንኛ በቅጡ ካልገባው፣ ፈተናው የሚለካው ማሰብን ሳይሆን የጀርመንኛ ዕውቀትን ይሆናል። ከፈተናው የሚወጣው ቁጥር ግን ይህን አይናገርም፤ ከዚያም ከዚህም ያው ቁጥር ነው።

የዚህ ስህተት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በኮሎኝ የታየ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያሳያል። ከሮማ ቤተሰብ የተወለደ አንድ ልጅ በባየርን ትምህርት ሲጀምር፣ ጀርመንኛ ሳይችል በተሰጠው ፈተና 59 አመጣ። በመደበኛው ሥርጭት መሠረት ከአንድ ሺህ ልጆች እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ ያነሰ ውጤት የሚያመጡት ሦስት ያህሉ ናቸው። ቤተሰቡ ወደ ኮሎኝ ሲዛወር ቁጥሩ አብሮ ተዛወረ፤ ልጁም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በተቋቋመ ትምህርት ቤት ለዓመታት ቆየ። ቦታው እንዳልሆነ እርሱ ራሱ ደጋግሞ ቢናገርም የሰማው አልነበረም። በኋላ ሚተንድሪን የተባለው የወላጆች ማኅበር ደግፎት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ የሁለተኛ ደረጃ የመልቀቂያ ምስክር ወረቀትም አገኘ። በ2018 የኮሎኝ ፍርድ ቤት የኖርድራይን ቬስትፋለን ክፍለ ሀገር ተጠያቂ መሆኑን ወሰነ። ይህን ጉዳይ ሳነብ ይበልጥ የገረመኝ የመጀመሪያው ስህተት አይደለም፤ ስህተት በየትም ይኖራል። ያ ቁጥር ይህን ያህል ዘመን እንደገና ሳይፈተሽ መቆየቱ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ቃል የማይጠይቁ ፈተናዎች አሉ። ልጁ ሥዕሎችን በማዛመድ፣ የጎደለውን ቅርጽ በመምረጥ ወይም ብሎኮችን በማሰባሰብ ይመልሳል፤ መመሪያውም በምልክት ሊሰጥ ይችላል። እነዚህም ቢሆኑ ከባህል ፈጽሞ ነጻ አይደሉም፤ እርሳስና የሥዕል እንቆቅልሽ ሳይነካ ያደገ ልጅ ከለመደው ልጅ እኩል አይጀምርም። ቢሆንም በቃል ፈተናና ያለቃል ፈተና መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ፣ ችግሩ ከማሰብ ይልቅ የቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ጥሩ ጠቋሚ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ምናልባት ይህኛው ይበዛል። «ቋንቋው ሲገባው ይስተካከላል» እየተባለ እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ ዓመታት ያልፉበታል። ለምሳሌ በጀርመን ከ2009 ወዲህ እያንዳንዱ አራስ የመስማት ምርመራ ይቀርብለታል፤ በአገር ቤት ተወልዶ በአምስት ዓመቱ የመጣ ልጅ ግን ይህን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። በከፊል የማይሰማ ልጅ ደግሞ በአስተማሪው ዓይን ቋንቋ የማይገባውን ልጅ ይመስላል። ስለዚህ ከማናቸውም የአእምሮ ፈተና በፊት ጆሮና ዓይን መመርመር አለባቸው፤ ርካሽና ፈጣን ምርመራ ነው።

ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች ደግሞ ሌላ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል፦ ልጁ እንዳይደናገር አማርኛውን ተዉት የሚል። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሁለት ቋንቋ መስማት የእነዚህን ልጆች የቋንቋ እድገት እንደሚጎዳ አላሳዩም። እናት በማትችለው ጀርመንኛ ለልጇ ስታወራ የሚቀረው የቤቱ ጨዋታና ተረት ነው። በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እርሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ለማስተማሪያ የመረጡት የፊደላችንን ድምፆች ነበር፤ ዘዴውንም አቡጊዳ ፎነቲክስ ብለውታል። ልጅን ከሰው ዓይን ሰውሮ ማሳደግ በተለመደበት ጊዜ ስለ ልጃቸው በአደባባይ መናገራቸው ብዙ ወላጆችን ከቤት አውጥቷል።

የጀርመኑም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በናዚው ዘመን በ1938 የወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ «ሊማሩ አይችሉም» የተባሉትን ልጆች ከትምህርት ውጭ አድርጎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ነገሩ ቶሎ አልተለወጠም። ፍራንክፈርት በምትገኝበት በሄሰን ክፍለ ሀገር፣ በማርቡርግ ከተማ፣ ሆላንዳዊው ቶም ሙተርስ ከወላጆችና ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ በ1958 ሌበንስሂልፈ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት፣ እነዚህ ልጆች መማር ይችላሉ ማለት ራሱ ገና መከራከሪያ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ በበርሊን ፍሌሚንግ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጀመረው የጋራ ክፍልም በወላጆች ግፊት የመጣ ነው። በ1994 «ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት አይበደልም» የሚለው ሐሳብ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። በ1997 ደግሞ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት፣ ባለው አቅም በመደበኛ ትምህርት ቤት ማስተማር እየተቻለ ልጅን ያለፈቃድ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት መላክ አድልዎ መሆኑን አስረዳ። በ2009 አካቶ ትምህርትን የሚደነግገው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በጀርመን ጸና። ኢትዮጵያም በዓመቱ አጽድቃዋለች።

በሄሰን ዛሬ ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው። ልጁ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገው ይሆናል ሲባል ፎርደርአውስሹስ የሚባል የድጋፍ ኮሚቴ ይሰየማል። በኮሚቴው ውስጥ የትምህርት ቤቱ አመራር፣ አስተማሪውና የልዩ ፍላጎት ባለሙያው ይቀመጣሉ፤ ወላጆችም አባል ናቸው። ይህ ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥብ ነው፤ ወላጅ የሚጠራው ውሳኔ ሊነገረው አይደለም። ሕጉ መደበኛውን ትምህርት ቤት ቀዳሚ ያደርጋል፤ ነገር ግን አስፈላጊው ክፍል፣ ሰው ወይም መሣሪያ ከሌለ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወላጆችን ሰምቶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊመድብ እንደሚችልም ይፈቅዳል። ክርክሩ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች «ነገር ግን» ላይ ነው። ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ከሄዱት ልጆች አብዛኞቹ መሠረታዊውን የመልቀቂያ ምስክር ወረቀት ሳያገኙ ስለሚወጡ፣ ክርክሩ በከንቱ የሚደረግ አይደለም።

ወላጅ በኮሚቴው ፊት የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከላይ ካየነው ይመነጫሉ። የትኛው ፈተና ተሰጠ? በምን ቋንቋ? የቃሉና ያለቃሉ ክፍል ውጤት ለየብቻ ስንት ነው? ጆሮና ዓይኑ መቼ ተመረመሩ? ልጁ በአማርኛ ምን ያህል እንደሚያስረዳ የጠየቀ አለ? ወላጅ የልጁን የትምህርት ቤት ሰነድ የማየት መብት ስላለው፣ መልሱን በወረቀት ላይ ማየት ይችላል።

በክፍል ውስጥ ልጁን የሚረዳ ሰው፣ በጀርመንኛው ታይልሃበአሲስተንስ፣ ከተፈለገ ማመልከቻው ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ኦቲዝምን ለመሰለው በዩገንትአምት፣ ለአካልና ለአእምሮ እድገት ጉዳት በማኅበራዊ ድጋፍ በኩል ይሄዳል። «እዚህ አይደለም፣ እዚያ ሂዱ» ለሚለው መልስ ሕጉ ማርከሻ አበጅቷል፦ ማመልከቻው የደረሰው መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የእኔ አይደለም ካለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ለሚመለከተው ማስተላለፍ አለበት፤ ካላስተላለፈ ኃላፊነቱ በእርሱ ላይ ይጸናል። ይህ የሚሠራው ማመልከቻው በጽሑፍ ሲሆንና የገባበት ቀን ሲታወቅ ነው፤ በስልክ የተነገረውን በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል።

ውሳኔው በደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ያለው የይግባኝ ማስታወቂያ ነው። ቪደርሽፕሩኽ የሚባለው ተቃውሞ በአንድ ወር ውስጥ መግባት አለበት፤ ደብዳቤው ስለ ይግባኝ ምንም ካልጻፈ ጊዜው አንድ ዓመት ይሆናል። ተቃውሞውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብቶ ምክንያቱን ቆይቶ መላክ ይቻላል። ደብዳቤውን የሚያነብላቸው ለሚፈልጉ ደግሞ ኤ ኡ ቴ ቤ በሚል ምህጻር የሚታወቁት ገለልተኛ የምክር ቢሮዎች ከ2018 ጀምሮ በመላው ጀርመን ያለክፍያ ይሠራሉ፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊትም መሄድ ይቻላል።