አዲሱ ቨርዥን ወጥቷል፤ ታዲያ ለምን አይደርሰንም?

የማስተርስ ጥናቴን ላቀርብ አንድ ቀን ሲቀረኝ ላፕቶፔን አፕዴት አደረግኩት። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም አይገባኝም፤ «አዲስ ቨርዥን አለ» የሚል ጽሑፍ ሳይ እጄ ቀደመኝ መሰለኝ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳ ግራፍ የሚሰራልኝ ፕሮግራም አልከፍት አለ። የሚደገፍበት ላይብረሪ በአዲስ ተተክቷል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያውቀው የድሮውን ብቻ ነው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስታገል ቆየሁ። አጠገቤ ያለው የላብራቶሪው ኮምፒውተር ግን ሁለት ዓመት ባለፋቸው ፕሮግራሞች ምንም ሳይል ስራውን ይሰራል። በመጨረሻ ግራፎቹን የሰራሁት በእሱ ነው። ያ ኮምፒውተር «የሙዚየም ዕቃ» እያልን የምንቀልድበት ነበር።

ያን ሌሊት ያናደደኝ ጉዳይ በሊኑክስ ዓለም ለብዙ ዓመታት ያላባራ ክርክር እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ክርክሩ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ አዲስ የተጻፈ ሶፍትዌር ተጠቃሚው ጋ መቼ ይድረስ? የሚወስነውስ ማን ነው፣ ኮዱን የጻፈው ሰው ወይስ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው?

እስኪ ከስሩ እንየው። ዊንዶውስን የሚያወጣው አንድ ኩባንያ ነው። በሊኑክስ ግን ከርነሉን የሚጽፉት ሌሎች፣ ብሮውዘሩን ሌሎች ናቸው፤ ፋይል ጨምቆ የሚያሳንሰውን ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ምናልባት አንድ ሰው ብቻውን በትርፍ ሰዓቱ ይጽፈዋል። ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ አንዱ ከሌላው ጋር መስማማቱን አይቶ በአንድ ላይ የሚያቀርበው ዲስትሪቢውሽን ይባላል፤ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ አርች ወዘተ። ተዘጋጅቶ የቀረበው እያንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ፓኬጅ ነው። ስንቅ አስቡ። አተሩን የዘራው ገበሬ ነው፤ ነገር ግን ለቅማ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ ሽሮውን የምትልክላችሁ እናት ናት። ጠጠር ቢገኝበት የምትጠይቁት እሷን ነው።

ዴቢያንን ምሳሌ እናድርገው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1993 የተመሰረተ ሲሆን የሚሰራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት። አዲስ ፓኬጅ በመጀመሪያ የሚገባው «ያልተረጋጋ» ወደሚባለው ክፍል ነው። የክፍሉ ስም ሲድ ነው፤ «ቶይ ስቶሪ» ፊልም ላይ አሻንጉሊት የሚሰባብረው ልጅ ስም መሆኑን ልብ በሉ። ከባድ ችግር ካልተገኘበት ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ «ሙከራ» ክፍል ያልፋል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሙከራው ይቆለፋል፣ ማለትም አዲስ ነገር መግባቱ ይቆምና ስህተት ማረም ብቻ ይቀራል። ታርሞ ሲያልቅ «የተረጋጋ» ተብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በመሰረቱ የሚገባው የጸጥታ ጥገናና የከባድ ስህተት እርማት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አሮጌ የሆነ ፕሮግራም ውስጡ የተጠገነ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መቼ ይወጣል? ዴቢያን የሚመልሰው «ሲደርስ» ብሎ ነው። በ2002 ከወጣው ቨርዥን እስከሚቀጥለው ድረስ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። ይህ መጓተት ያሰለቻቸው ብዙ ነበሩ። በመሃል፣ በጥቅምት 2004፣ ኡቡንቱ ከዴቢያን ተነስቶ በየስድስት ወሩ በቀን መቁጠሪያ ሊወጣ መጣ። የመጀመሪያው ቨርዥን 4.10 የተባለው ለዚህ ነው፤ ዓመቱና ወሩ ማለት ነው። አርች ደግሞ ጭራሽ ቀን የሚባል ነገር የለውም፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እንደ ወራጅ ውሃ ይፈስሳል።

የኮዱ ጸሐፊዎችስ ምን ይላሉ? ኤክስስክሪንሴቨር የተባለውን ፕሮግራም ለረጅም ዓመታት የጻፈው ጄሚ ዛዊንስኪ እኔ ካረምኩት ዓመታት ስላለፉት ስህተት ሰዎች ዛሬም ይጽፉልኛል ብሎ ተማረረ። ዴቢያን ላይ ያለው አሮጌው ቨርዥን ነዋ! ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲያረጅ «ይህ ቨርዥን በጣም አሮጌ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲያሳይ አደረገው። በ2016 ጉዳዩ ሲነሳ ዴቢያን ውስጥ ማስጠንቀቂያውን እናውጣው የሚል ሐሳብ መጣ፤ ፈቃዱ ኮዱን መቀየር ስለሚፈቅድ በሕግ ችግር የለበትም። እሱ ግን እንዲያውም ፕሮግራሜን ከዴቢያን ጨርሳችሁ አውጡልኝ አለ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገን ያሳዝኑኛል።

አዘጋጁ ኮዱን መንካቱ ግን የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2006 የዴቢያን ኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ አዘጋጅ፣ የማስታወሻ ስህተት የሚፈልግ መሳሪያ ስላማረረበት፣ ሁለት መስመር ኮድ አወጣ። ከማውጣቱ በፊት የኦፕንኤስኤስኤል ሰዎችን ጠይቋል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ለምስጢር ቁልፎች የዘፈቀደ ቁጥር የሚመግበው መስመር ነበር። ከዚያ በኋላ የቁልፉ ዘፈቀደነት የተንጠለጠለው በአንድ ትንሽ ቁጥር ብቻ ሆነ፣ ከ32,768 በማይበልጥ ቁጥር። ይህን ያህል ቁልፍ እኮ አንድ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሊሰራቸው ይችላል! ሉቺያኖ ቤሎ አግኝቶት በግንቦት 13 ቀን 2008 ይፋ እስኪሆን ድረስ ዴቢያንና ከእሱ የተቀዳው ኡቡንቱ ላይ ደካማ ቁልፍ ሲሰራ ነበር። በዚያ ጊዜ የተሰሩት ቁልፎች ተጥለው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።

«ኮዱን እንደጻፍነው አድርሱት» የሚሉት እስካሁን ይህን ይጠቅሳሉ። በ2024 ግን ነገሩ ተገለበጠ።

ኤክስዜድ ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም ነው፤ ከላይ ያልኳችሁ ዓይነት፣ በጥቂት ሰው ትከሻ ላይ የቆመ። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘና ማንነቱ እስካሁን ያልታወቀ ተሳታፊ ከሁለት ዓመት በላይ በትህትና ሲያግዝ ቆየና የደከመውን ዋና አዘጋጅ እምነት አገኘ፣ ቨርዥን የማውጣት ስልጣንም ተሰጠው። ቀጥሎ 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉትን ቨርዥኖች ሲያወጣ ውስጣቸው የኋላ በር ደብቆ ነበር። የተለየ ቁልፍ የያዘ ሰው በኤስኤስኤች በኩል የሰው ሰርቨር ላይ ያሻውን ትዕዛዝ ማስኬድ እንዲችል የተሰራ በር ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ያደረገው ኮዱን ያወጣው ሰው ራሱ ነው። ያን ጊዜ «እንደጻፍነው አድርሱት» ማለት የኋላ በሩንም አድርሱት ማለት ነበር።

ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የዳታቤዝ መሐንዲስ ነው። የዴቢያን ሲድ ኮምፒውተሩ ላይ ፍጥነት ሲለካ ኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አየ። ብዙዎቻችን ግማሽ ሰከንድ ምን ያደርጋል ብለን እናልፈው ነበር። እሱ ግን ክሩን እየጎተተ ኤክስዜድ ጋ ደረሰ፤ በመጋቢት 29 ቀን ይፋ አደረገው። የተመረዘው ቨርዥን ሲድና ሙከራ ውስጥ ገብቷል፣ «የተረጋጋው» ውስጥ ግን አልገባም። ለሚያዝያ እየተዘጋጀ የነበረው ኡቡንቱ 24.04 ፓኬጆቹን እንደገና ለመገንባት የሙከራ ቨርዥኑን በአንድ ሳምንት አዘገየ።

እንግዲህ ዝግተኞቹ አሸነፉ? ቆዩማ። ኤስኤስኤች በራሱ ኤክስዜድን አይጠቀምም። ሁለቱን ያገናኛቸው ዴቢያንና አንዳንድ ሌሎች ዲስትሪቢውሽኖች ለሲስተምዲ ብለው የጨመሩት ማሻሻያ ነው፤ በሩ የተንጠለጠለው በአዘጋጆቹ ማጠፊያ ላይ ነበር ማለት ነው። ሌላም አለ። ፓኬጁ ሁለት ዓመት መጋዘን ቢቀመጥ በራሱ አይጠራም። በሩ የተገኘው አንድ ሰው ትኩሱን ጭኖ ስለሰራበት ነው። ሁሉም ሰው «የተረጋጋውን» ብቻ ቢጠቀም ኖሮ ያ ግማሽ ሰከንድ ሳይታይ ሾልኮ ወደ ተረጋጋው ይገባ ነበር። የላብራቶሪያችን «የሙዚየም ዕቃ» እርጋታ የመጣው እንግዲህ ሲድ ላይ ኮምፒውተራቸው ሲሰባበር ከሚታገሱ የማናውቃቸው ሰዎች ነው። ክርክሩ ላይ ሁለቱ ወገኖች ሲሰዳደቡ ሳይ የሚገርመኝ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ክርክሩ ወደ ስናፕና ፍላትፓክ ዞሯል። እነዚህ ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ ጠቅልለው ስለሚያመጡ የእኔ ዓይነት አደጋ ይቀንሳል፤ ጸሐፊውም ቀጥታ ተጠቃሚው ጋ ይደርሳል። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስን በስናፕ ነው የሚሰጠው። ሊኑክስ ሚንት ግን የስናፕ መደብር በአንድ ኩባንያ እጅ ነው ብሎ በ2020 ስናፕን ከልክሏል። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ቀለል ያለ ነው፤ ጥቅሉ ትልቅ ነው፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ተማሪ ደግሞ እያንዳንዱ መቶ ሜጋባይት ብር ነው።

ጥናቴን የምሰራበት ላፕቶፕ ላይ ዛሬ ያለው የተረጋጋው ዴቢያን ነው። ሲድን ደግሞ ቁልፎቹ በተነቃቀሉ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኜዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ የትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ለየሁና ሪፖርት ላክሁ፤ በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው አመስግኖ የላይብረሪውን ቨርዥን ቁጥር ጠየቀኝ።