ሁዳዴን ጾሜ ኮሌስትሮሌ ለምን አልወረደም?



"ዶክተር፣ እኔ እኮ ሥጋና ቅቤ ከቀመስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ኮሌስትሮሌ ከየት መጣ?" ፋሲካ ሲቃረብ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው።

ኮሌስትሮል ከምግብ ብቻ አይመጣም። አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። ስለዚህ ቀጭን ሰው ላይም፣ በተለይ በቤተሰብ ካለ፣ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሌላው ዘይታችን ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ላይ "ከኮሌስትሮል ነፃ" ተብሎ ይጻፋል። ውሸት አይደለም፤ የተክል ዘይት ሁሉ እንደዚያው ነው። ግን ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ ነው። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበታችን መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ በደንብ አያነሳም። አባይ በረሃ ላይ ፈሳሽ የነበረው ጀሪካን ደጀን ወጥቶ ጠዋት በብርዱ ነጭ ሆኖ ከረጋ፣ እሱ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት እንዲህ አይረጋም። የኑግ አገር ሰው ኑጉን ሸጦ የሚረጋውን ገዝቶ ሲገባ ሳይ ይቆጨኛል፤ ዋጋው እንደሚያስገድድ ግን አውቃለሁ። ካልተቻለ መጠኑን ቀንሱ፣ ፓስቲና ሳምቡሳውን አታዘውትሩ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ተልባው ግን ይቀጥል፤ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳሉ። (ሎሚ በሙቅ ውሃ ደም ስር ያጥባል የሚባለውን እርሱት፤ አያጥብም።)

ከፍ ማለቱ ምልክት የለውም፣ በምርመራ ብቻ ነው የሚታወቀው። 40 ዓመት ያለፋችሁ፣ ወይም ስኳር፣ ደም ግፊት ያለባችሁ ወይም ሲጋራ የምታጨሱ ተመርመሩ። ወረቀቱ ላይ ኤልዲኤል የሚለው መጥፎው ነው፤ ከ100 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት ይጀመራል። በመሃል ላለው ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ዕድሜያችሁና ሌላ ሕመማችሁ አብሮ ይታያል።

አቶርቫስታቲን የታዘዘላችሁ፣ "ወርዷል" ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ያወረደው እኮ መድኃኒቱ ነው! ስታቆሙት ተመልሶ ይወጣል። በቀን አንዴ ስለሆነ ማታ መውሰድ ይቻላል፣ ከጾማችሁ ጋር አይጋጭም። ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ሕመም ከመጣ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም እርግዝና ካሰባችሁ ግን ቶሎ ለሐኪማችሁ ንገሩ።