ሊኑክስን ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ማሻገር

ጥያ ከተማ ላይ በሰው ኪስ ያለ ማንኛውም አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ (ከርነሉ) ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ግን ለስልክ አልተወለደም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ላይ የጻፈው ለራሱ ኢንቴል 386 ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ ወደ ሌላ ማሽን እንደማይሻገርም ያኔውኑ በግልጽ ተናግሯል።

ስልኮቻችን የሚሠሩት ኤአርኤም በተባለ ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ነው። ፕሮሰሰር የሚገባው የራሱ ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ትልቅ ሥራ ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈውን አብዛኛውን ክፍል ኮምፓይለር የተባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ይወጣዋል። ማሽኑን የሚያስነሳው፣ ሜሞሪ የሚያደላድለውና ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚያዘዋውረው ኮድ ግን እንደ አዲስ ይጻፋል። ከዚያም የተደበቀው ስህተት ብቅ ይላል። ባለ 32 ቢት ማሽን ላይ የሜሞሪ አድራሻን እንደ ተራ ቁጥር ማስቀመጥ አያስነቅፍም፤ ባለ 64 ቢት ላይ ግን የአድራሻው ግማሽ ይቆረጥና ፕሮግራሙ የማይገባው ቦታ ገብቶ ይወድቃል። ሊኑክስንም ይህ ገጥሞታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ጆን ሆል የተባለ ባለሙያ ለቶርቫልድስ ያስገኘለት፣ አልፋ የተባለ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ባለ 64 ቢት ነበር። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ራስል ኪንግ ወደ ኤአርኤም የማሻገሩን ሥራ ጀመረ። ኪንግ ይህን ማድረግ የቻለው ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለነበር ነው፤ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም።

ፍሬው እኛም ዘንድ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ለትምህርት ቤቶቻችን የታደሉት፣ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ የነበራቸው አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፖች ከኢንቴል ጋር በሚስማማ ፕሮሰሰር ሊኑክስን ያሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ለሕፃናት የተሰጡት የሞቶሮላ ታብሌቶች ደግሞ ያንኑ ከርነል በኤአርኤም ያሠሩ ነበር። አስተማሪ ያልተመደበላቸው እነዚያ ልጆች ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በወራት ውስጥ ራሳቸው አስነሡት።

የሚያስቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከርነሉ ክፍት ቢሆንም የስክሪኑና የሬዲዮው ድራይቨር (ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ አምራቹ ማደሱን ያቆመ ዕለት መሣሪያው ሳይሰበር ያረጃል። ጉዳቱን በጉራጊኛ የሚጽፉ ሰዎች ሊያዩት ይችላሉ። በ2021 ዩኒኮድ ለጉራጊኛ 28 ተጨማሪ ፊደላት አስገብቷል፤ ፊደሎቹን የያዘ ፎንት ያልደረሰው የቆየ ስልክ ግን በቦታቸው ባዶ ሳጥን ያሳያል። ስልኩን ማደስ የሚችል ሰው ቢኖር እንኳ ዝጉ ኮድ እጁን ያስረዋል።

አሁን ሪስክ ፋይቭ የሚባል፣ የትእዛዝ ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮሰሰር መጥቷል። ሊኑክስ ከ2018 ጀምሮ ይደግፈዋል፤ በነሐሴ 2025 የወጣው ደቢያን 13 የተባለ የሊኑክስ ሥርጭትም በይፋ ተቀብሎታል። ለመማር ቺፑን መግዛት አያስፈልግም፤ ኪውኢሙ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ተራ ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ማስኬድ ይቻላል። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ሊኑክስን በሪስክ ፋይቭ ላይ ማሠራትን ቢመርጡ እመኛለሁ። ለትምህርት ቤት ታብሌት የምትገዙ ኃላፊዎች ደግሞ፣ እባካችሁ የድራይቨሩ ምንጭ ኮድ ክፍት እንዲሆን በጨረታ ሰነዱ ላይ በመስፈርትነት አስገቡ።