መስታወቱ ሳይግል

በብዙ ስልኮች ስክሪን ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ከሲሊኮን የተሠሩ ናቸው። ሲሊኮን በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከሥሩ ያለው መስታወት ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይጣመማል። ሁለቱን ያስታረቀው ሌዘር ነው።

መስታወቱ በመጀመሪያ 50 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ሲሊኮን ይለበጣል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ ጊዜ አተሞቹ ሥርዓት የላቸውም፤ ኤሌክትሮን የሚያልፍባቸው እየተደናቀፈ ነው። ከዚያ ከዜኖን ክሎራይድ የሚመነጭ ባለ 308 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ጨረር ለጥቂት አሥር ናኖሰከንዶች ያርፍበታል። ሲሊኮኑ ጨረሩን ከገጹ ላይ ይውጠውና ይቀልጣል፤ መስታወቱን የሚጎዳ ሙቀት ወደ ታች ሳይዘልቅም መልሶ ይረጋል። እጁን በሻማ ነበልባል ላይ ፈጥኖ ያሳለፈ ሰው አይቃጠልም፤ መስታወቱም የሚተርፈው በዚሁ መንገድ ነው። ሲረጋ አተሞቹ ስለሚሰለፉ ኤሌክትሮን ከቀድሞው መቶ እጥፍ ገደማ በቀለለ ሁኔታ ይጓዛል።

ከባዱ ነገር ልኩን ማግኘት ነው። ጉልበቱ ካነሰ የሚቀልጠው የላይኛው ክፍል ብቻ ስለሚሆን ክሪስታሎቹ ደቃቅ ይሆናሉ። ከበዛ ደግሞ ሁሉም ይቀልጥና ዘር ያጣል፤ ያኔም የሚወጣው ደቃቅ ነው። ትልልቅ ክሪስታል የሚገኘው ከታች ጥቂት ያልቀለጡ ቅንጣቶች ሲቀሩ ነው፤ በእነሱ ላይ ያድጋል። ይህን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያብራሩት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጄምስ ኢም እና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቀጥለውም ጨረሩን በጠባብ ስንጥቅ እያሳለፉና በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ክሪስታሉን ወደ ጎን ማሳደግ ቻሉ። በእኔ ግምት የዘርፉ ምርጥ ሐሳብ ይኸኛው ነው፤ የዕድል የነበረውን ሥራ በእጅ አስገብቶታልና።

ሌዘር ራሱ የተወለደው በ1960 በቴዎዶር ሜይማን እጅ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የካዛን ተመራማሪዎች በአዮን የተጎዳ ሲሊኮን በሌዘር ምት እንደሚጠገን አሳዩ። ተደጋግሞ የሚጻፍበት ሲዲ ደግሞ ተቃራኒውንም ይጠቀማል፦ ብርቱ ምት አቅልጦ ሥርዓት ያሳጣል፣ ለስለስ ያለው ወደ ክሪስታል ይመልሳል። ዶና ስትሪክላንድ እና ዤራር ሙሩ በ1985 ያቀረቡት፣ በ2018 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ዘዴ ደግሞ ብርቱ የፌምቶሰከንድ ምቶችን አስገኘ፤ እነዚህ ዙሪያውን ብዙም ሳያግሉ ይቆርጣሉ።

ለሰፋፊ ስክሪኖች ግን ሌዘሩ ውድ ነው፤ እኩል ማዳረስም ያስቸግራል። ስለዚህ ኢንዲየም፣ ጋሊየምና ዚንክ ያሉበት ኦክሳይድ ቦታውን እየወሰደ ነው። ከኦክሳይዱ የተሠራ ትራንዚስተር ሲጠፋ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያፈስም፤ በሌዘር የተሠራው ሲሊኮን ደግሞ ፈጣን ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሁለቱን በአንድ ስክሪን ውስጥ ያጣመሩ ሰዓቶችና ስልኮች ዛሬ ገበያ ላይ አሉ።