የቁርጥራጭ ወረቀት ሥዕል

ለገበያ ወደ ደገሀቡር ስንገባ ዓይናችን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ያያል። ከጅጅጋ ወደ ጎዴ የሚወስደው መንገድ በከተማዋ ያልፋል። የጭነት መኪና ይጮሃል። ግመል ይነዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ሻይ ቤቱ በሰው ይሞላል። ማታ ቤታችን ገብተን «ከተማው እንዴት ዋለ?» ብንባል ሁሉን መናገር ያቅተናል። መልኩ ግን በዓይናችን ይቀራል። ይህን መልክ ከወዳደቀ ወረቀት መሥራት እንችላለን።

ወረቀት እየቆረጡና እየለጠፉ ሥዕል መሥራት ኮላዥ ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ማጣበቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ፓብሎ ፒካሶና ዦርዥ ብራክ የተባሉ ሠዓሊዎች በፈረንሳይ አገር ቁራጭ ወረቀት በሥዕላቸው ላይ መለጠፍ ጀመሩ። ለእኛስ ነገሩ እንግዳ ነው? አይደለም። በስንት የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ አይተናል!

ከተማውን ለማሳየት የግድ ግመሉን ግመል፣ ቤቱን ቤት አስመስለን መሣል የለብንም። በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል ረቂቅ ሥዕል ይባላል። የሶማሌ እናቶች ምንጣፍ ሲሠሩ በመስመርና በማዕዘን ያስጌጡታል። ጌጡ የላምም የዛፍም ሥዕል አይደለም፤ ግን ያምራል። በሐረር የተወለደው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕልን በአገራችን ከጀመሩት አንዱ ነው። የአዲስ አበባው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከተጣለ ሽቦና ከተበላሸ የኮምፒዩተር ዕቃ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራል። አንዳንዶቹ ከሰማይ የታየ ከተማ ይመስላሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1ኛ. የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የቆየ ጋዜጣ እንሰብስብ። ለመደብ የሚሆን ጠንካራ ካርቶንም እናዘጋጅ።

2ኛ. ከመቁረጣችን በፊት እናንብብ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ማንበብ ባልቻልንበት ጊዜ ወረቀት ሁሉ ለእኛ አንድ ነበር። የግብር ደረሰኝ ከጋዜጣ ጋር ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማን ያውቃል? በኋላ «አልከፈልክም» ብንባል በምን እንመልሳለን? አሁን ግን መለየት እንችላለን። ደረሰኝ፣ የክትባት ካርድ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የመሬት ደብተር ለብቻው ይቀመጥ። የቁርዓን ወይም የሌላ ሃይማኖት ቃል ያለበት ወረቀት መቀስ አይነካውም።

3ኛ. ሙጫ እንሥራ። አንድ እፍኝ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን፣ በእሳት ላይ እያማሰልን እንደ ቀጭን አጥሚት እናድርገው። ከአንዳንድ የግራር ዓይነት የሚገኘው ሙጫም በውሃ ሲሟሟ ወረቀት ያጣብቃል።

4ኛ. እንቁረጥ። ለቆርቆሮ ጣሪያ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት በመቀስ ቀጥ አድርገን፣ ለአቧራማው መንገድ ቡናማውን በእጃችን ቀደን እናዘጋጅ። የተቀደደ ጠርዝ ሻካራ ነው፤ አቧራ ይመስላል። የገበያውን ግርግር ትንንሽ ባለ ቀለም ቁራጮች ያሳዩታል።

5ኛ. መጀመሪያ ያለ ሙጫ ደርድረን፣ ራቅ ብለን እንይ። ደስ ካላለን እናዘዋውር። ደስ ሲለን እንለጥፍ። እንዳይጨማደድ ጠፍጣፋ ነገር ጭነንበት በጥላ ይድረቅ። የዱቄት ሙጫ አይጥ ይስባልና ሥዕሉን ከፍ አድርገን እንስቀለው።

አንድ ከተማ ያዩ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥዕል አይሠሩም። አንዱ የመኪናውን ጩኸት፣ ሌላው የሻይ ቤቱን ጥላ ያስታውሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ደረሰኙ ግን በሣጥን፣ ሥዕሉ በግድግዳ ይሁን።

ጥያቄዎች
ሀ. ረቂቅ ሥዕል ምን ማለት ነው?
ለ. ከመቁረጣችን በፊት ለምን እናነባለን?
ሐ. በቤታችን የማይቆረጡ ወረቀቶች የትኞቹ ናቸው?