ለገበሬ ጆሮ የሚስማማ የእርሻ ምክር ስለ ማዘጋጀት

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የሚያቆመው ሥራ ሁሉ ፍሬው የሚታወቀው ሕዝቡ በተጠቀመበት መጠን ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋራ ሆኖ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ለገበሬዎች ከፈተ። ደዋዩ ዋጋ ሳይከፍል አስቀድሞ ቋንቋውን፣ ቀጥሎም ሰብሉንና የሥራውን ዐይነት በስልኩ ቁጥሮች እየመረጠ ምክሩን በድምፅ ይሰማል፤ ስለዚህ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሊጠቀምበት ይቻለዋል።

ይሁን እንጂ ድምፅ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ልብስ በለባሹ ልክ ይሰፋልና። በላሊበላ ዙሪያ፣ በላስታ ደጋ ገብስና ስንዴ የሚዘራ ሽማግሌ «የድኅረ ምርት አያያዝ» የሚል ቃል ቢሰማ ይደናገራል፤ «አጨዳና ውቂያ» ቢባል ግን ወዲያው ያስተውለዋል። ምርጫውም የበዛ እንደ ሆነ የኋለኛውን ሲሰማ የፊተኛውን ይረሳል። ስለዚህ ምርጫው ጥቂት፣ ንግግሩም ዝግ ያለና የሚደገም ሊሆን፣ መስማት ለተሳነውም ምክሩ በጽሑፍ መልእክት ሊደርሰው ይገባል።

ይህም ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ ብርቱ ጉዳት አድርሷል፤ ዋግም በነፋስ የሚዛመት ስለ ሆነ፣ ዘግይቶ የተሰማ ወይም ያልገባ ምክር አዝመራውን አያድንም።

እንግዲህ የየወረዳው ሹማምንትና የግብርና ሠራተኞች በገበያ ቀን ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎችን፣ ሽማግሌዎችንም ጭምር ጠርተው በፊታቸው ያስደውሉ። ደዋዩ ከየትኛው ቃል ላይ እንደ ቆመና የትኛው ምርጫ እንዳሳተው ሳይነቅፉት ጽፈው፣ መስመሩ እንዲታረም ለበላይ መሥሪያ ቤት ያስታውቁ።